ምዕራፍ 7፦ ሰርቨሩ ሞጆን አያውቃትም

«ሲስተም የለም።» ባንክ፣ ገቢዎች ወይም ጉምሩክ ወረፋ ይዞ ይህን ያልተባለ አንባቢ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ሲባል ግን ዋጋው ይከብዳል። ትራንዚተሩ ዶሴውን ብብቱ ሥር ወሽቆ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል፣ ሾፌሩ ወንበሩን ለጥጦ ይጋደማል፣ አስመጪው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በየሰዓቱ ይደውላል። ኮንቴይነሩ ከተፈቀደለት ቀን በላይ ግቢ ውስጥ ባደረ ቁጥር የሚከፈል አለና።

ይህን ስንሰማ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የተቆረጠ ኬብል ወይም የተቃጠለ ማሽን ነው። አንዳንዴ እውነትም እሱ ይሆናል። ከሚገመተው በላይ ብዙ ጊዜ ግን የተሰበረ ነገር አይገኝም። ማሽኑ በርቷል፣ ኔትወርኩ አለ፣ ፕሮግራሙም ስሌቱን አልሳተም። ሰርቨሩ እየሠራ ያለው ልክ በተጫነበት ቀን እንደነበረው ነው፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያው ነው።

በምዕራፍ 4 መረጃ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ፣ በምዕራፍ 6 ደግሞ የጃቫ ፕሮግራም በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ የሚያስችለውን ጄቪኤም አይተናል። አሁን በጄቪኤሙ ላይ ተነስቶ ከዳታቤዙ ጋር ወደሚነጋገረው አፕሊኬሽን ሰርቨር እንምጣ። እንዴት እንደሚጫን አልተርክም፤ መጫን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሚያሳስበኝ ከተጫነ በኋላ ያለው ቀን ነው።

ግቢው፣ በሩ፣ ማንሻው

ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዳማ መንገድ ላይ ትገኛለች። ደረቅ ወደቡ ሥራ የጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬ ከአገሪቱ ደረቅ ወደቦች ትልቁ ነው። የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣ ኮንቴይነር በመኪና ይገባል፤ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በሐዲድም ይገባል።

ግቢው ውስጥ የሚሠራው ሪች ስታከር፣ ያ ኮንቴይነር አንጠልጥሎ የሚደረድረው ግዙፍ ማሽን፣ ያነሳው ሣጥን ጎማ ይሁን ትራንስፎርመር ግድ የለውም። ወደቡ ዕቃውን አይሠራም፣ አይጠግንም፣ አይሸጥም። የሚያቀርበው በር፣ መሬት፣ ማንሻ፣ መዝገብና ጥበቃ ነው። አስመጪ ሁሉ የየራሱን ሪች ስታከር ይዞ ይምጣ ቢባል ንግዱ በአንድ ሳምንት በቆመ ነበር።

አፕሊኬሽን ሰርቨር ለጃቫ ፕሮግራሞች እንዲህ ያለ ግቢ ነው። ቀረጥ የሚያሰላ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች የታሪፍ ደንቡን ወደ ኮድ ይለውጣሉ። መቶ ሰው በአንዴ ሲመጣ እንዴት እንደሚስተናገድ፣ ከዳታቤዙ ጋር እንዴት እንደሚገናኙ፣ የገባው ሰው ማን እንደሆነ፣ ግማሽ ላይ የተቋረጠ ምዝገባ እንዴት እንደሚሰረዝ ግን አይጽፉም፤ ይህን ለሰርቨሩ ይተዉታል። እነሱ ሥራቸውን በአንድ ፋይል አሽገው ያስረክባሉ፣ ሰርቨሩ ከፍቶ ያስነሳዋል።

ደንቡ መልክ የያዘው በ1999 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሰን ማይክሮሲስተምስ ጄ-ቱ-ኢ-ኢ የተባለውን መመዘኛ ባወጣ ጊዜ ነው። ዌብሎጂክ፣ ዌብስፌርና ጄቦስ በዚሁ መመዘኛ የሚገዙ ሰርቨሮች ናቸው። ኦራክል ሰንን በ2010 ጠቀለለው፤ መመዘኛው በኋላ ወደ ኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ተላልፎ ዛሬ ጃካርታ ኢ-ኢ ይባላል። በነፃ ይታደል የነበረው ጄቦስም ዋይልድፍላይ የሚል ስም ወጥቶለታል። ከዚህ በታች ቁጥር ስጠቅስ በአብዛኛው የዋይልድፍላይን ነው፤ ማንም አውርዶ ሊያየው ይችላልና።

የጉምሩክ ሥራ የዚህ ዓይነት ፕሮግራም ዋነኛ ደንበኛ ነው። ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የተጠቀመችበት አሲኩዳ የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ያሰናዳው ሲሆን፣ የኋለኛው ትውልዱ አሲኩዳ ወርልድ በጃቫ የተጻፈ ነው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችን ከጉምሩክ ጋር የሚያገናኘው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ተጀመረ። እኔ ከዚህ በኋላ የማወራው ግን ለማስረጃ ያህል ስለፈጠርኩት የዴክላራሲዮን ፕሮግራም ነው፤ የማንም መሥሪያ ቤት ሰርቨር አይደለም።

ሳይጠየቁ የተሰጡ መልሶች

አንድ ደረቅ ወደብ ሊከፈት አንድ ሳምንት ቀርቶታል እንበል። አጥሩ ታጥሯል፣ አስፋልቱ ደርቋል፣ ሪች ስታከሮቹ ቆመዋል። ባዶ ኮንቴይነር በየትኛው በር ይወጣል? ባቡሩ ሲገባ ስንት ማሽን ወደ ሐዲዱ ይሂድ? የመውጫ ወረቀት ላይ የሚፈርመው ማነው? እነዚህ ካልተወሰኑ ሥራ አይጀመርም፤ የመጀመሪያው መኪና በሩ ላይ ሲደርስ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል፣ ጉድለቱም ወዲያው ይታያል።

ሰርቨር ከወደብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ማንም ምንም ሳይወስንለት ይነሳል። ገጹ ይከፈታል፣ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል፣ የጫነው ባለሙያም «ሠርቷል» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። መወሰን የነበረባቸው ጥያቄዎች ግን አልጠፉም። ሰርቨሩን የሠሩት ሰዎች አስቀድመው መልሰውባቸዋል። ባለሙያዎቹ ዲፎልት የሚሉት ይህን ሳይነኩት የሚገኝ መልስ ነው። መልሱ የተሰጠውም አንድ ፕሮግራመር የራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰርቨሩን ሲሞክር ታስቦ ነው፤ ሦስት መቶ ትራንዚተር ጠዋት በአንድ ጊዜ ሲገባ አልታሰበም።

ዋይልድፍላይን ሳይነኩት ቢያስነሱት የሚያዳምጠው 127.0.0.1 በሚባለው አድራሻ ብቻ ነው። ይህ ማለት ሰርቨሩ የተጫነበት ማሽን ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻ ያየዋል፤ ከጎኑ ካለው ኮምፒውተር እንኳ አይገኝም። አብሮት የሚመጣ የምሳሌ ዳታቤዝ አለ። የተጠቃሚ ስሙም ፓስወርዱም ሁለት ፊደል «ኤስኤ» ነው፣ መረጃውን የሚይዘው በሜሞሪ ብቻ ስለሆነ ሰርቨሩ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ለተማሪ እንዲያውም ጥሩ ነው፤ ያበላሸውን አጥፍቶ ከባዶ ይጀምራል። ዴክላራሲዮን ለሚመዘግብ ቢሮ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም።

ሜሞሪውም እንዲሁ ነው። የዋይልድፍላይ መነሻ ፋይል ለፕሮግራሙ የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን 512 ሜጋባይት ነው። መሥሪያ ቤቱ 64 ጊጋባይት ያለው ማሽን በውድ ገዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ አንድ መስመር እስካልተለወጠ ድረስ ፕሮግራሙ ከዚያ ሀብት የሚነካው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ረፋዱ ላይ ሥራ ሲበዛ «ሜሞሪ አለቀ» ብሎ ይወድቃል፤ የማሽኑ መቆጣጠሪያ ደግሞ «60 ጊጋባይት ነፃ ነው» ይላል። ጀማሪን ግራ የሚያጋባው ይህ ነው። በተቃራኒው ሁሉንም ልስጠው ማለትም ያስከፍላል። በምዕራፍ 6 እንዳየነው ጄቪኤም የማያስፈልገውን መረጃ እየለቀመ ያጸዳል፤ ግቢው በሰፋ ቁጥር አንዱ ጽዳት ረጅም ሊሆን ይችላል፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም የራሱ ድርሻ ይቀርበታል። እኔ ብጠየቅ መነሻውንና ጣሪያውን እኩል አድርጌ፣ በመጠኑ ጀምሬ፣ የሥራ ቀን ልኬት እያየሁ ከፍ አደርጋለሁ።

ሃያ ሪች ስታከር

ከሁሉም ቅንብር ብዙ ራስ ምታት ሲያመጣ ያየሁት ሰርቨሩና ዳታቤዙ የሚገናኙበት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ትንሽ ልቆይ።

ከዳታቤዝ ጋር አዲስ ግንኙነት መክፈት ጊዜ ይወስዳል፤ ማንነት ይጣራል፣ ቦታ ይያዛል። ስለዚህ ሰርቨሩ ጥቂት ግንኙነቶችን ከፍቶ በተጠንቀቅ ያቆያል። ጥያቄ ሲመጣ አንዱን ያውሳል፣ ሥራው ሲያልቅ መልሶ ይቀበላል። ስብስቡ ኮኔክሽን ፑል ይባላል። በግቢው ቋንቋ እነዚህ ሪች ስታከሮች ናቸው፤ መኪና በመጣ ቁጥር አዲስ ማሽን አይገዛም፣ ያሉት ይመላለሳሉ።

ዋይልድፍላይ ሳይነኩት ቢበዛ 20 ግንኙነት ይይዛል። ሃያ አንደኛው ጥያቄ ቆሞ ይጠብቃል፤ 30 ሴኮንድ ጠብቆ ካላገኘ ስህተት ይመለስለታል። ተጠቃሚው የሚያየው የሚሽከረከር ክብ፣ ከዚያም ነጭ ገጽ ነው። «ሲስተም የለም» የሚባለው ያኔ ነው፤ ሰርቨሩ ግን አለ።

20 ያንሳል ወይስ ይበቃል? ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ዴክላራሲዮን መመዝገብ ግንኙነቱን ለ50 ሚሊ ሴኮንድ ይይዛል እንበል። አንዱ ግንኙነት በሴኮንድ 20 ምዝገባ ያስተናግዳል፣ ሃያው በድምሩ 400። ለሞጆ ከበቂ በላይ ነው። አሁን አንዱ የፍለጋ ጥያቄ ከባድ ሆኖ 2 ሴኮንድ የሚፈጅ ቢሆንና ሁሉም እሱን ቢያዘወትሩ፣ ያው ሃያ ግንኙነት በሴኮንድ 10 ሥራ ብቻ ይጨርሳል። ከ400 ወደ 10 ወረደ፤ ማሽን አልተቀነሰም፣ የተለወጠው አንዱ ሥራ የሚፈጀው ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ የብዙዎች የመጀመሪያ እርምጃ ቁጥሩን ወደ 200 ከፍ ማድረግ ነው። ለአንድ ቀን የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ሪች ስታከር ስለበዛ የሚፈትሸው ባለሙያ አይበዛም፤ ወረፋው ከበሩ ተነስቶ ወደ ፍተሻው ቦታ ይዛወራል። ዳታቤዙ ሁለት መቶ ከባድ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ሲጫንበት እያንዳንዱ ይበልጥ ይዘገያል። መታየት ያለበት ያ ፍለጋ ለምን 2 ሴኮንድ እንደሚፈጅ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ በምዕራፍ 4 ያነሳነው ኢንዴክስ ነው፤ የኮንቴይነር ቁጥር በሚፈለግበት ዓምድ ላይ ማውጫ ያልሠራ ዳታቤዝ እያንዳንዱን መስመር ከላይ እስከ ታች ያነባል።

ሌላም አለ። ሥራው በሦስት ሰርቨር ተከፍሎ እያንዳንዱ 50 ግንኙነት ተፈቅዶለታል እንበል። ለየብቻ ሲታዩ ቁጥሩ ምንም አይል። ሲደመር 150 ነው፤ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ደግሞ ሳይነኩት የሚቀበለው 100 ብቻ ነው። ሁለት ዲፎልቶች፣ ወይም አንድ ዲፎልትና አንድ ውሳኔ፣ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ይጋጫሉ። ይህ በሙከራ ጊዜ አይገለጥም፤ የሚገለጠው ሦስቱም ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ሲጨናነቁ ነው፣ ይኸውም በጣም በሚያስፈልጉበት ሰዓት።

ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ተጠቃሚ ላይ ብቻ ስህተት የሚመጣበት ቢሮ ካጋጠማችሁም ምክንያቱ እዚሁ ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን ሥራ ፈተው ያደሩትን ግንኙነቶች መሐል ላይ ያለው ፋየርዎል በዝምታ ይቆርጣቸዋል፤ ሰርቨሩ ግን አልሰማም። ጠዋት የሞተውን አንስቶ ያውሳል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፤ «ከማዋስህ በፊት በሕይወት መኖሩን አረጋግጥ» የሚል።

ፊደሉና ሰዓቱ

እስካሁን ያነሳሁት ሙምባይም ሞምባሳም ያጋጥማል። ይህኛው የእኛ ነው።

ፊደላችን በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ጃቫም ፊደሉን በውስጡ ያለ ችግር ይይዛል። ችግሩ መግቢያና መውጫው ላይ ነው። ጃቫ ጽሑፍን ወደ ፋይል ሲያወጣ ወይም ከፋይል ሲያነብ በምን ሥርዓት እንደሚተረጉመው ካልተነገረው፣ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ጃቫ 18 ነው ዩቲኤፍ-8 የተባለውን ሥርዓት ለሁሉም መነሻ ያደረገው። ከዚያ በፊት ባሉት ላይ፣ እነሱም ዛሬ በብዙ ቢሮ አሉ፣ ማሽኑ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ በሚያውቅ ቅንብር ከተነሳ ጃቫ «ሞጆ» የሚለውን ሊጽፍ ሲሞክር የሚወጣው «??» ነው። ያ የጥያቄ ምልክት ዳታቤዝ ውስጥ ከገባ የማሳያ ስህተት ሆኖ አይቀርም፤ ፊደሉ ጠፍቷል፣ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ሰርቨሩን ሰው በእጁ ሲያስነሳው ጤነኛ የነበረው፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳና ሰርቨሩ በራሱ ሲጀምር ጥያቄ ምልክት የሚዘራበት ጊዜም አለ፤ በሁለቱ አነሳሶች የቋንቋ ቅንብሩ ይለያያልና።

ፊደሉ በትክክል ሲተላለፍም ቦታ ይፈልጋል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሞጆ ደረቅ ወደብ ቅርንጫፍ» ብላችሁ ቁጠሩ፤ 13 ፊደልና 3 ክፍት ቦታ፣ በድምሩ 42 ባይት። የኦራክል ዳታቤዝ ደግሞ «30» ተብሎ የተከፈተን ዓምድ ሳይነኩት የሚረዳው 30 ፊደል ብሎ ሳይሆን 30 ባይት ብሎ ነው። አሥር የአማርኛ ፊደል ብቻ ይገባል ማለት ነው። ፕሮግራሙ በውጭ አገር በእንግሊዝኛ ስሞች ተፈትኖ ያለፈ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ የመጀመሪያው አስመጪ ስሙን ከነአያቱ ሲያስገባ ዳታቤዙ «ከልክ በላይ ረዝሟል» ብሎ ይመልሰዋል።

ወደ ሰዓቱ ስንመጣ፣ ጄቪኤም የሰዓት ቀጠናውን የሚወስደው ከማሽኑ ነው፤ ብዙ ሰርቨሮች ደግሞ ሲጫኑ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ይቀመጣሉ፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። ቀን ቀን ሲሠራ ብዙ አይታወቅም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከበሩ የወጣ መኪና ግን በሰርቨሩ መዝገብ የትናንትናው ምሽት 5 ሰዓት ላይ ወጥቷል። ቀኑ ተለውጧል፤ በቀን የሚታሰብ ኪራይም አብሮ ይለወጣል። መዝገቡን በዓለም አቀፉ ሰዓት ይዞ ለተጠቃሚው ሲያሳይ ብቻ ሦስት ሰዓት መጨመር የብዙ ባለሙያዎች ምርጫ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ጥፋት የሚመጣው ሰርቨሩ አንዱን፣ ዳታቤዙ ሌላውን ሲይዝ ነው። የዘመን አቆጣጠራችንን በተመለከተ፣ ጃቫ ከራሱ ጋር የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሂጅራን ካላንደር ይዞ ይመጣል፤ የእኛን አይዝም። አይሲዩን የመሰለ ተጨማሪ ጥቅል ማስገባት ይጠይቃል። ጳጉሜን የሚረሳ ፕሮግራም ዓመት ሙሉ በሰላም ሠርቶ ለአምስት ቀን ያብዳል።

የአስተዳዳሪው በር

እያንዳንዱ ሰርቨር ለተጠቃሚ ከሚከፍተው በር ሌላ ለአስተዳዳሪው የሚከፍተው በር አለው። ዋይልድፍላይ ተጠቃሚውን በ8080፣ አስተዳዳሪውን በ9990 ያስተናግዳል። በዚህኛው በር የገባ ሰው ፕሮግራም ሊያስነሳ፣ ሊያወርድ፣ የራሱንም ሊጭን ይችላል። አሮጌዎቹ የጄቦስ ዝርያዎች ይህን በር ያለ ፓስወርድ ከፍተው ይመጡ ነበር። ላፕቶፕ ላይ ማንን ይጎዳል? በኢንተርኔት ላይ ሲቀመጥ ግን ጎዳ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ሳምሳም የተባለው ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎችን ሲያጠቃ የገባው ያረጁና ያልተጠገኑ የጄቦስ ሰርቨሮችን ተጠቅሞ ነበር።

ቶምካት በተባለው ሌላ የጃቫ ሰርቨር ላይ በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ችግር ይበልጥ ያስተምራል። ቶምካት 8009 በተባለ ቁጥር ሌላ በር ይከፍት ነበር፤ ከፊቱ ከሚቀመጥ ዌብ ሰርቨር ጋር የሚነጋገርበት ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ አይፈልገውም፣ መኖሩንም አያውቅም። በሩ ግን ሳይነኩት ክፍት ነበር፣ ከየትኛውም አቅጣጫ የመጣን ይቀበል ነበር፤ በዚያ በኩል ሰርቨሩ ላይ የተጫኑትን ፕሮግራሞች የቅንብር ፋይሎች፣ የዳታቤዝ ፓስወርድ የያዙትን ጨምሮ፣ ማንበብ ይቻል እንደነበር ተደረሰበት። ከዚያ በኋላ የወጣው ዝርያ በሩን ዘግቶ መጣ፤ ለሚፈልገው ብቻ በምስጢር ቃል ይከፈታል። ስለዚህ አዲስ የተጫነ ሰርቨር ላይ ከሁሉ በፊት የማደርገው የትኞቹ ቁጥሮች ክፍት እንደሆኑ ማየትና ማን እንደሚጠቀምበት ልነግራችሁ የማልችለውን ሁሉ መዝጋት ነው።

መብራት ሲጠፋ

የቀሩትን በጥድፊያ ልለፋቸው። ለአፍታ ሥራ ያቆመ ተጠቃሚ ስንት ደቂቃ ይጠበቅ? ብዙ ሰርቨሮች 30 ይላሉ፤ ወረቀት ለማስፈረም ሌላ ቢሮ ሄዶ የሚመለስ ትራንዚተር ያንን ያልፈዋል፣ የሞላው ቅጽም ይጠፋበታል። የሥራ መዝገቡ፣ ሎግ የሚባለው፣ በየቀኑ አዲስ ፋይል ይከፍታል እንጂ የድሮውን አያጠፋም፤ ካልተወሰነለት አንድ ቀን ዲስኩን ሞልቶ ሁሉንም ያቆማል።

አዲስ ሰርቨር ለሥራ ከመለቀቁ በፊት ግን ሆን ተብሎ ኃይሉ መቋረጥ አለበት። በወረቀት «ይነሳል» የተባለው ይበቃል የሚለኝን አላምንም። ዋይልድፍላይ ሳይነኩት የሚነሳው ሰው ትእዛዝ ሲጽፍለት ነው፤ ማሽኑ ሲበራ በራሱ እንዲነሳ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መመዝገብ አለበት። ከተመዘገበም በኋላ ቅደም ተከተል አለ። ዳታቤዙ ያለበት ማሽን ለመነሳት አራት ደቂቃ ቢፈልግና ሰርቨሩ በአንድ ደቂቃ ቢነሳ፣ ሰርቨሩ የሚገናኘው አጥቶ ፕሮግራሙን ሳያስነሳ ሊቀር ይችላል፤ ገጹ ይከፈታል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ሳይጻፍ የቀረ ለውጥም የሚጋለጠው ያኔ ነው፦ አንድ ሰው ከወራት በፊት በአጣዳፊ ሰዓት የለወጠውና በፋይሉ ላይ ያላሰፈረው ቁጥር ከመነሳቱ ጋር ወደ ዲፎልቱ ይመለሳል። ቅንብሩ ሁሉ በፋይል ተጽፎ፣ ማን መቼ ምን እንደለወጠ ተመዝግቦ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ሙከራውን እሑድ ጠዋት ማድረግ ይሻላል። ኃይሉን አቋርጦ መመለስ፣ ማንም ምንም ሳይነካ ሩብ ሰዓት መጠበቅ፣ ከዚያ ከሌላ ኮምፒውተር በአማርኛ ስም አንድ ዴክላራሲዮን መመዝገብና ሰዓቱን ማንበብ። አንዱ ሰርቨር እንዲህ ከተፈተነ በኋላ ሦስቱን ጎን ለጎን አቁሞ ሥራ ማካፈል ይቻላል፤ በምዕራፍ 8 የምንገባው ወደዚያ ነው።